በበሩ ያልገባው አልጋ

በመጀመሪያ ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ ብረት በያጅ ነኝ። እጄ የለመደው መዶሻ እንጂ እስክሪብቶ አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ሽበት ከጀመረው በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። እስካሁንም ስጽፍ ከንፈሬ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ሰው ሲያየኝ አፍራለሁ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው የብየዳ ቤቴን በር ገርበብ አድርጌ ነው። የተሳሳተ ፊደል ካገኛችሁ እንዳላያችሁ እለፉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈራችን ኮሚቴ፣ ጤና ጣቢያውና አንድ የእርዳታ ድርጅት ሆነው ስለ እናቶች ማቆያው፣ ነፍሰ ጡሮች ስለሚያርፉበት ክፍል፣ ትንሽ መጽሐፍ ሊያወጡ ነው። ድርጅቱ ውስጥ የምትሠራ ልጅ እኔ ዘንድ መጣችና፣ “ስለ ሰብሳቢዋ እርስዎ ይጻፉልን፤ ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃታል?” አለችኝ። እሺ አልኳት። እምቢ ማለት አልችልበትም። ደግሞ እውነቱን ልናገርና፣ ሌላ ሰው ስለ እሷ እንዳይጽፍ ብዬ ነው።

ሰብሳቢዋ ባለቤቴ ናት።

በሰፈሩ ስሟን የሚጠራ የለም፤ “እትዬ ምራቂ” ነው የሚሏት። ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። መዝና ከሰጠች በኋላ ሁልጊዜ አንድ ትጨምራለች፦ አንድ ቲማቲም፣ አንድ ራስ ሽንኩርት፣ ሌላው ቢጠፋ አንድ ቃሪያ። “ይቺ ምራቂ ናት፣ ውሰጂ” ትላለች። ለተጣላችው ሰው እንኳ እየተቆጣች ትመርቃለች።

የምራቂው ነገር ከየት እንደመጣ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። የተገናኘነው ሚዛኗ ተሰብሮባት ነው። አባቷ የመኪና ጫኝ ነበር፤ እሱ ወገቡን ሲታመም እሷ በአንድ ሳፋ ቲማቲም ንግድ ጀመረች። የሚዛኗ ሳህን መያዣ ተቆረጠና ወደ እኔ አመጣችው። እኔ ያን ጊዜ ጀማሪ ነኝ፤ እሷን እያየሁ ስበይድ ብዙ ብረት አፈሰስኩበት። ከሁለት ቀን በኋላ ተመለሰች። “አንተ ልጅ፣ ሚዛኔን ለእኔ እንዲያደላ አደረግኸው እኮ። ሳህኑ ከበደ። ሰው እየሰረቅኩ ነው” አለችኝ። “ታዲያ ለምን ወዲያውኑ አላመጣሽውም?” ብላት፣ “ገበያ ነበረ። በጎደለው ፈንታ አንድ አንድ ቲማቲም እየጨመርኩ ሸጥኩ” አለች። ሞርጄ አስተካከልኩላት። እሷ ግን ምራቂውን አልተወችም።

እንግዲህ ሰፈሩ የሚበላው ምራቂ ከእኔ ብየዳ የመጣ ነው። ለእኔ ግን አልደረሰኝም። ቤት ስትገባ ልክ በልክ ነው። “ደህና ዋልክ?” “ደህና።” “እራት ቀርቧል።” በቃ። ክፉ ሆና እንዳይመስላችሁ። የብየዳ ፍንጣሪ ሸሚዜን ሲበሳው በቀለሙ ክር ፈልጋ ትጠቅምልኛለች። የብየዳ ብርሃን ዓይኔን ሲመታኝ ሳልጠይቃት ድንች ቆርጣ ታስርልኛለች። የምትቆጥበው ቃል ብቻ ነው። እኔም ዝምተኛ ነኝ። ሁለት ዝምተኛ አንድ ቤት ሲገባ የሚያወራው ጣሪያው ነው፤ የእኛ ቆርቆሮ ፀሐይ ሲነካው ይንጣጣል።

አንዲት ልጅ አለችን፤ አግብታ ሌላ ከተማ ትኖራለች። ከእሷ በፊት አንድ ነበር። እሱ መንገድ ላይ ቀረ። ጤና ጣቢያው ዳገቱ ላይ ነው፣ እኛ ከታች ነን፣ ያን ጊዜ ባጃጅ የሚባል አልነበረም። ባለቤቴን ምጥ ሲይዛት በጀርባዬ ተሸክሜ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን አንስተን አናውቅም።

አምና የድርጅቱ ሰዎች መጡና የሰፈሩ ሰው በጤና ጣቢያው ግቢ ተሰበሰበ። “ይህን እንሠራላችኋለን ብለን አልመጣንም። የሚያስፈልጋችሁን እናንተ ንገሩን፤ እናንተ ምሩ፣ እኛ እናግዛለን” አሉ። እንዲህ ሲባል አፍ የሌለው የለም። አንዱ አዳራሽ አለ። አንዱ የኳስ ሜዳ አለ። ጎማ የሚጠግነው ጎረቤቴ፣ ጎሚስታው፣ ተነስቶ “መንገዱ ይሠራልን” ሲል ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

“መንገዱ ከተሠራ አንተ ምን ትበላለህ? ደመወዝህ እኮ ጉድጓዱ ነው!” አሉት።

ሳቁ ሳያባራ ከሴቶቹ በኩል አንዲት ሴት ሻሿን አስተካክላ ተነሳች። ባለቤቴ ናት። ምን ልትል ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

ስለዚያ ቀን ተናገረች። ስለ ዳገቱ፣ ስለ ጭቃው። “ባለቤቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ” አለች። “ልጁ ሲተወኝ ታወቀኝ። ግማሽ መንገድ ላይ ነን። እሱ ይሮጣል፣ ያለከልካል። ብነግረው ይቆማል፣ ብዬ ዝም አልኩ። እስከ ላይ ድረስ ዝም አልኩ።” ከዚያ፣ “ቀኗ የደረሰ ሴት አስቀድማ መጥታ የምታርፍበት ክፍል እዚሁ ግቢ ውስጥ ይሠራልን። ምጥ ዳገት አይጠብቅም” ብላ ተቀመጠች።

ከዚያ ተጨበጨበ። ጤና መኮንኑ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ወጣት ነው፣ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። እኔ አላጨበጨብኩም። ይህን ሁሉ ዘመን ለእኔ ያልነገረችኝን ለሰፈር ነገረችው። ሽንኩርት የሚገዛት ሁሉ ከእኔ እኩል ሰማው። የማዝነው ለልጁ ይሁን ለራሴ አላውቅም፤ የማውቀው፣ ያን ሰዓት እዚያ ግቢ ያለውን ጆሮ ሁሉ ጠላሁት።

ስምምነቱ ሰምሮ ሥራው ተጀመረ። ቦታውንና አዋላጇን ጤና ጣቢያው፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮውን ድርጅቱ፣ ሙያና ጉልበቱን ሰፈሩ። ግንበኛው ግድግዳውን፣ አናጺው በሩን፣ እኔ አራት አልጋ። የአልጋው ብረትም ከድርጅቱ መጣ። ሰብሳቢ እሷ ሆነች። “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” እያሉ ያጨበጭባሉ። አንበሳውን ማን እንዳሰረው አላየሁም፤ እኔ ግን ሚስቴን ያሰሩብኝ መሰለኝ።

ስልኳ ይጮኻል፣ ከቤት ወጥታ ታወራለች፣ ከውጭ ሳቋ ይሰማኛል። ስትመለስ፣ “ማነው?” እላለሁ። “የጤና ጣቢያው ልጅ ነው፣ ስለ አሸዋው” ትላለች። አሸዋ እንዲህ ያስቃል? አንድ ቀን ደግሞ ጤና መኮንኑ ሊገዛት መጣ። እኔ ከብየዳ ቤቴ በር ላይ ሆኜ አያለሁ። መዘነች፣ ሰጠችው፣ አንድ መረቀችለት። ከዚያ ጠራችውና ደግማ አንድ መረቀችለት። ሁለት ቲማቲም! ለማንም ሁለት መርቃ አታውቅም። ያን ቀን የማንን መስኮት እንደበየድኩ አላስታውስም።

ጎሚስታው ክፉ ሰው አይደለም፣ ምላሱ ነው። የሰውን ሆድ በዓይኑ ያነባል። አንድ ከሰዓት በኋላ ጎማ እየነፋ፣

“ስማ እንጂ፣ ሚስትህን ለጤና ጣቢያ አከራየሃት እንዴ?” አለኝ።

“ሥራ ላይ ናት።”

“ሥራስ ጥሩ ነው። ስትስቅ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። አንተ ቤት ስትስቅ ግን ሰምቼ አላውቅም፤ ግድግዳችን ደግሞ አንድ ነው።”

“ጎማህን ንፋ።”

“እኔማ እነፋለሁ፤ የተነፋኸውስ አንተ ነህ።” ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ነግራሃለች አይደል? ማቆያው ሲከፈት ጠባቂ ሴት እስኪቀጠር ድረስ ማታ ማታ እዚያ የምታድረው እሷ ናት። ትናንት ስብሰባ ላይ ‘ማን ያድራል?’ ሲባል ማንም ሳይቀድማት እጇን አወጣች።”

“ነግራኛለች” አልኩ። አልነገረችኝም።

“ታዲያ አልጋው መቼ ነው? ምራቴ እኮ ቀኗ ቀርቧል። ልጄም ካገር የለም፤ በእኔ ላይ ነው የጣላት።”

“መብራት የለም።”

“እኔ ጋ አለ።”

“የእኔ መስመር ሌላ ነው።”

“አንድ ቆጣሪ እኮ ነው ያለን፣ አንተ ሰውዬ!”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ለእኔ ግልጽ ሆነ። አልጋዎቹን ከጨረስኩ ትሄዳለች። ካልጨረስኩ ትቀራለች። ያለ አልጋ ማቆያው አይከፈትም። ቁልፉ በእኔ እጅ ነበር ማለት ነው፤ በዕድሜዬ ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር በእጄ ገብቶ አያውቅም።

ስለዚህ ብረቱን ከግድግዳው አስደግፌ ተውኩት። አንድ ቀን የብየዳ ዘንግ አለቀ አልኩ። አንድ ቀን ወገቤን አልኩ። እሷ አልጨቀጨቀችኝም። ብትጨቀጭቀኝ ይሻለኝ ነበር፤ ጭቅጭቅም ወሬ ነው። አንድ ጠዋት ብቻ ሳፋዋን ተሸክማ ስትወጣ፣ “ብረቱን ዝናብ እየመታው ነው” አለች። ሌላ ቀን ደግሞ፣ “የጎሚስታው ምራት እግሯ አብጧል” አለችና ወጣች።

እግሯ አብጧል ስትል ጨነቀኝ። ሜትሬን ይዤ የማቆያውን በር ልለካ ዳገቱን ወጣሁ። ግቢው በር ስደርስ ሁለቱ በአዲሱ ክፍል በር ላይ ቆመዋል። መጋረጃ እየለኩ ነው። እሱ አንዱን ጫፍ ይዟል፣ እሷ አንዱን ጫፍ ይዛለች፣ የሆነ ነገር ትነግረዋለች፣ እሱ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ከእኔ ጋር ጨርቅ ይዛ እንዲህ አውርታ አታውቅም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፣ አልኩ በሆዴ። አልገባሁም። በሩን ከመንገዱ ማዶ ሆኜ በዓይኔ ለካሁትና ወረድኩ።

አልጋ አሠራሬን ልንገራችሁ። ራስጌና ግርጌውን ለየብቻ እሠራለሁ፤ ጎንና ጎኑን በብሎን አስራለሁ። ሰው ቤት ሲቀይር ፈትቶ እንዲወስደው ነው። ያን ሳምንት ግን ብሎኑን ረሳሁት። ወይም አልረሳሁትም። እየተናደድኩ ጎኑን ከራስጌው፣ ራስጌውን ከጎኑ አንድ አድርጌ በየድኩት። የመጋረጃው ጨርቅ በዓይኔ ይመጣል፣ እበይዳለሁ። ሁለቱ ቲማቲም ይመጣል፣ እበይዳለሁ። እንዲህ ጠንካራ አልጋ ሠርቼ አላውቅም። አራቱንም ቀይ ጸረ ዝገት ቀባሁና “ደርሷል” አልኩ።

የመክፈቻው ቀን በእጅ ጋሪ አወጣናቸው። የሰፈሩ ሰው ቆሟል፤ የድርጅቱ ልጅ ፎቶ ልታነሳ ተዘጋጅታለች። የጎሚስታው ምራት ጥላ ሥር ከነጓዟ ተቀምጣለች፤ ሆዷ ጉልበቷ ላይ ደርሷል። የመጀመሪያውን አልጋ አንስተን ወደ በሩ ሄድን። አልገባም። አጋደልነው፣ አልገባም። በእግሩ አቆምነው፣ የበሩን ጉበን ነካ። መስኮቱ ፍርግርግ አለው።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም አዋቂ ሆነ።

“በጎን! በጎን በሉት!”

“በጎን ሞከርን እኮ!”

“የእኔ በር ልክ ነው” አለ አናጺው ማንም ሳይጠይቀው። “ለምስክር ሜትር አምጡ።”

“ግድግዳውን ላፍርሰው?” አለ ግንበኛው።

“አልጋውን እዚሁ ተዉትና ሌላ ቤት እንሥራበት” አለ ጎሚስታው፤ ሰው በሳቅ ወደቀ። እሱ ግን ምራቱን ዞር ብሎ ሲያይ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

ጤና መኮንኑ ጋዋኑን አውልቆ በትከሻው ይገፋ ጀመር። ቀለሙ ገና በደንብ አልደረቀም ነበርና ነጭ ሸሚዙ ቀይ በቀይ ሆነ። “ጋሼ፣ እንዲህ ብናዞረውስ?” ይለኛል። “አይገባም አልኩህ!” ብዬ ጮህኩበት። ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ።

ባለቤቴ መጣች። አልጋውን አላየችም፤ ጎኑና ራስጌው የሚገናኙበትን፣ ብሎን መኖር የነበረበትን ቦታ በጣቷ ዳሰሰች። ሥራዬን ታውቀዋለች። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረች። “ምንጣፍ ያለው ምንጣፍ ያምጣ። ልጅቷ ዛሬ ወደ ታች አትመለስም” አለች። አልጋዎቹ ግቢው ላይ ቀሩ። ነፍሰ ጡሯ በአዲሱ ክፍል ሲሚንቶ ላይ ምንጣፍ ተነጠፈላት። እኔ ባዶ ጋሪ እየገፋሁ ወረድኩ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ባለቤቴ ብርድ ልብሷን ልትወስድ መጣች። ታጥፎ ነበር፤ እንደገና አጠፈችው።

“አውቀህ ነው?” አለችኝ።

“አላውቅም” አልኩ። እውነቴን ነው።

“የሰው በር ስትሠራ ሦስቴ ነው የምትለካው።”

“በሩ ላይ ቆማችሁ ነበር።”

“እነማን?”

“አንቺና እሱ።”

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሳቀች። እዚሁ ቤት ውስጥ፣ እኔው ፊት። “ያ ልጅ? ያ እናቱ ‘በላህ ወይ?’ እያለች በቀን ሁለቴ የምትደውልለት?” አለች። ከዚያ ሳቋ ቀስ ብሎ ቆመ። “እኩያው ነው” አለች፣ ብርድ ልብሱን እያየች። የማን እኩያ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ሁለቱ ቲማቲም ያን ጊዜ ገባኝ። ገብቶኝም ቅናቱ አልለቀቀኝም፤ መልኩን ብቻ ቀየረ።

“ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?” አልኩ።

“ምኑን?”

“ለሰፈሩ የነገርሽውን። ጀርባዬ ላይ ሆነሽ ታወቀኝ ያልሽውን።”

“አንተ እኮ አብረኸኝ ነበርክ። አብሮ ለነበረ ሰው ምን ተብሎ ይነገራል?”

“እኔ ከፊት ነበርኩ” አልኩ። “ጀርባዬን አላየሁትም።”

ጣሪያው እንኳ ዝም አለ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ነገረችኝ። ያን ቀን ከዳገቱ ሥር ጀምራ።

ምን እንዳለችኝ አልጽፍም። የድርጅቱ ልጅ ብትጠይቀኝም አልነግራትም። ለሰፈሩ የተናገረችውን ሰፈሩ ያውቀዋል፤ ይሄኛው የእኔ ነው። እንዲህ ብዙ ቃል ከእሷ አፍ ለእኔ ብቻ ወጥቶ አያውቅም።

ስትነሳ፣ “ልሸኝሽ” አልኳት። “ነገ ሥራ አለብህ” ብላ ብርድ ልብሷን ታቅፋ ዳገቱን ወጣች። ባዶ ቤት ቁጭ ብዬ ከነፍሰ ጡሯ ጋር የምታወራውን ወሬ ሳስብ ቀናሁ። በማሕፀን ባለ ሕፃን ሰው ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

በማግስቱ ጠዋት መቁረጫውን፣ መሰርሰሪያውንና ሙሉ ከረጢት ብሎን ጋሪው ላይ ጫንኩ፤ የብየዳ ማሽኑንም ጨመርኩ። ጎሚስታው ሳልጠራው መጥቶ ከኋላ ይገፋልኝ ጀመር። “ቀስ በል፣ ሙሽራው፣ ትደርሳለህ” ይለኛል። ምራቱ ገና አልወለደችም፤ በሩ ላይ ቆማ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ስትጠብቀን አየሁ። ደስ አለኝ።

መጀመሪያ ሜትሬን አውጥቼ በሩን ለካሁ። ሦስቴ። አናጺው እያየኝ ነበር፤ በሩ ልክ ነው አልኩት። ከዚያ ያን ጠንካራ ብየዳዬን ግቢው መሃል አንድ በአንድ ቆረጥኩት። ባለቤቴ ፍንጣሪው እንዳይነካት ፊቷን አዙራ ጎኑን ያዘችልኝ። ራስጌው ገባ፣ ግርጌው ገባ፣ ጎኖቹ ገቡ፤ ውስጥ በስቼ በብሎን አሰርኳቸው። የጎሚስታው ምራት የመጀመሪያው አልጋ ላይ ተቀመጠች፣ ወዘወዘችው፣ አልተንቀሳቀሰም፣ ተጋደመች።

ጤና መኮንኑ ውሃ አመጣልኝ። ሸሚዙ ላይ ቀዩ ቀለም አለ፤ አልለቀቀለትም። “ይጠጡ፣ ጋሼ” አለኝ። ጠጣሁት። ቀዝቃዛ፣ ጥሩ ውሃ ነበር። ያም አናደደኝ።

ብረት ተርፎኝ ነበር። ከግቢው ጥግ ቁጭ ብዬ አንዲት አግዳሚ ወንበር በየድኩና ከማቆያው በር ትይዩ አቆምኳት።

“ይሄ ለማን ነው? አላዘዝንህም እኮ” አለችኝ ባለቤቴ።

“ለሚጠብቅ ሰው” አልኳት።

አመነችኝ መሰለኝ። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣ በሩ ላይ ቆሞ ማን ከማን ጋር እንደሳቀ ሁሉ ያያል። ቀለሙ እስኪደርቅ አልጠበቅኩም፤ ጋዜጣ አነጠፍኩበትና ተቀመጥኩ።